ክልክሉ ከሰማይ ሲታይ

አጅማን ውስጥ ስድስት ሴቶች አንድ ክፍል በሚጋሩበት ቤት ሐረገወይን የተከራየችው ቤድ ስፔስ በመስኮቱ በኩል ያለው ታችኛው አልጋ ነው። ዙሪያውን በአበባማ መጋረጃ ከልላዋለች። ስትገባ መጋረጃውን ትስባለች፤ ስትወጣም ስባው ትሄዳለች። ሌሎቹ ሴቶች ስልካቸው ላይ የልጆቻቸውን ፎቶ አድርገዋል። እሷ ያደረገችው ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሳተላይት የተነሣ የአንድ ተዳፋት ፎቶ ነው።

ከላይዋ የምትተኛው ኑኑ ፎቶውን መጀመሪያ ያየች ቀን ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ይሄ ምንድን ነው? ሻጋታ ነው?»

«ተራራ ነው።»

«የማን ተራራ?»

ሐረገወይን ትንሽ አሰበች። «የኔ» አለች።

«ጎሽ። ሰው ዱባይ ሠርቶ አገሩ መሬት ይገዛል፤ ተራራ የገዛ ግን ዋላሂ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ «ባለ ተራራዋ» ተባለች። ስሙ አልከፋትም። ለነገሩ በስሟ የሚጠራት ሰው ብዙ አልነበረም።

ተራራው በመንግሥት መዝገብ የእሷ አይደለም። ጎጃም ውስጥ ሾላ በር በምትባል ቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆና ስትመደብ፣ ከቀበሌው በላይ ያለው ተዳፋት ከብት የጋጠውና ጎርፍ የቦረቦረው ራቁት መሬት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው ሰዉን ለመነች፣ ተሰደበች፣ ደግማ ለመነች። በመጨረሻ ተዳፋቱ ከከብትና ከመጥረቢያ ተከለከለ፤ ስሙም «ክልክሉ» ሆኖ ቀረ። የብሳና፣ የወይራ፣ የዋንዛና የግራር ችግኝ በሸክም ወጣለት። ባሕር ዛፍ ይተከል ያሏት ነበሩ፤ ከምንጭ በላይ ባሕር ዛፍ አይተከልም ብላ አልሰማ አለች። በአራተኛው ዓመት፣ ሁልጊዜ በየካቲት የምትደርቀው ምንጭ እስከ ሰኔ ፈሰሰች። ከምንጯ በታችም ከዚያ በፊት ያልነበረ ጨፌ ወጣ፤ ሲረግጡት እግር የሚያረጥብ፣ በበጋ የማይጠወልግ ሣር። ሐረገወይን በሕይወቷ «ይህን ሠራሁ» ብላ በጣቷ የምታሳየው ነገር ቢኖር ይኸው ነው። አላገባችም፣ አልወለደችም።

እናቷ ሲሞቱ የሚያቆያት ሰው አልቀረም። በ2008 ዓ.ም. በኤጀንሲ መጣች። ሻርጃ፣ ሙዋይለህ ውስጥ፣ የአሠሪዋ የማዳም እናት የሆኑ አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት ስታገላብጥና ስታበላ ስምንት ዓመት አለፈ። የቤቱ መስኮት የሚያሳየው የሌላ ቤት ግድግዳ ነበር። በሁለት ሳምንት አንዴ ለእትዬ ዝናሽ ትደውላለች። እትዬ ዝናሽ ድሮ የሾላ በር የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ከዚያ አገር የቀሩላት ሰውም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስለ ጤና ከተጠያየቁ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ «ክልክሉ እንዴት ነው?»

«አረንጓዴ ነው» ይላሉ እትዬ ዝናሽ።

ይህን ሰምታ ስልኩን ትዘጋና ወደ አሮጊቷ ክፍል ትመለሳለች።

አሮጊቷ ሲሞቱ ማዳም አለቀሰች፤ በሳምንቱ «ኸላስ ሐረግ፣ ሹግል አለቀ፣ ሥራ የለም» አለቻትና ሌላ ሥራ እንድትይዝ ወረቀቷን ፈረመችላት። በዚያው ሰሞን በቴሌግራም አንድ ማስታወቂያ አየች። ዱባይ፣ ኡድ ሜታ ያለ አንድ ቢሮ አማርኛ የሚናገርና የደጋውን አገር ግብርና የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ሻንጣዋ ሥር ስምንት ዓመት ተጣጥፎ የኖረውን ዲፕሎማዋን አውጥታ በእጇ ዳሰሰችው። መሐሉ ላይ በእጥፋቱ መስመር ሊቀደድ ደርሶ ነበር። በፕላስተር አያይዛ ይዛው ሄደች። ተቀጠረች።

ቢሮው ስድስት ሰው ያለበት ትንሽ ቢሮ ነው። ሥራው በሳተላይት ፎቶ መሬት ማጥናት ነው። በዚያን ጊዜ አንድ የረድኤት ድርጅት፣ ከዓባይ ተፋሰስ ሦስት መቶ ቀበሌዎች ውስጥ መሬታቸው ውሃ የመያዝ አቅሙን ያጣባቸውን አርባዎቹን ለይታችሁ ስጡኝ ብሎ አዝዞ ነበር። ለአርባዎቹ ምንጫቸው ይጠገንላቸዋል፣ ከምንጫቸው በላይ ያለው መሬት ይታከምላቸዋል። ለቀሩት ምንም የለም።

ሥራውን ያስረዳት የአዲስ አበባው ልጅ ኢዩኤል ነው። የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራው እሱ ነበር።

«ይኸውልሽ ሐረግዬ፤ ከዘነበው ላይ በጎርፍ የሚሄደውን ትቀንሻለሽ፣ ዛፉና አፈሩ ወደ አየር የሚተነፍሱትን ትቀንሻለሽ። የተረፈው መሬት ውስጥ የቀረው ነው። ዝናቡንና ቁልቁለቱን ኮምፒውተሩ ያውቀዋል። የማያውቀው መሬቱ ላይ የበቀለው ምን እንደሆነ ነው። እሱን አንቺ ታስተምሪልኛለሽ።»

«እኔ ኮምፒውተር ላስተምር?»

«እኔን ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር ካንቺ የበለጠ አያውቁም ነበር። በእግርሽ የረገጥሽውን ቦታ ስጪኝ። 'ነባር ደን ይህን ይመስላል' እለዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን አገር እሱ ራሱ ይለየዋል።»

መጀመሪያ የሰጠችው ክልክሉን ነው። ፎቶው ሲከፈት እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች። እያንዳንዷ ነጥብ በመሬት ላይ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር ናት፤ ሰው አይታይም፣ ቤትም እንደ ፍርፋሪ ነው። ቢሆንም የተዳፋቱን ቅርጽ ወዲያው አወቀችው። ፎቶው የመጋቢት ነበር፤ ዙሪያው ሁሉ ቡናማ ሆኖ ክልክሉ ብቻ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ነው። በዳርቻው መስመር አሰመረችበትና «ነባር ደን» ብላ ጻፈች። ለማረጋገጥ አላጠጋችውም። ማን የራሱን ልጅ ለማወቅ ይጠጋል?

የዓይን ምስክር ያለው ቦታ ብርቅ ስለሆነ ኢዩኤል ትልቁን ቦታ ለእሱ ሰጠው። ነባር ደንን ለማስተማር ከመረጣቸው ሁለት መቶ ነጥቦች መቶ ስድሳው ከክልክሉ የተወሰዱ ነበሩ። የሪፖርቱ መግቢያ ገጽ ላይም «የአካባቢ ዕውቀት፦ ሐረገወይን» ተብሎ እንዲጻፍ ያደረገው እሱ ነው። ስሟ እንዲህ በሰው ፊት ታትሞ ሲወጣ የመጀመሪያዋ ነበር።

ስድስት ወር በዚህ ሄደ። ጧት ከአጅማን በአውቶቡስ እስከ ዩኒየን ጣቢያ፣ ከዚያ በሜትሮ። ምሳዋን በአደጋ ጊዜ መውጫው ደረጃ ላይ ብቻዋን ትበላለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ከማንም ሳትነጋገር ትመለሳለች። ደስ የሚላት ስክሪኑ ፊት ስትቀመጥ ነበር።

በሚያዝያ አንድ ማክሰኞ ውጤቱ ወጣ። ሪፖርቱ ሐሙስ ለደንበኛው ይደርሳል። ኢዩኤል ወንበሩን እያሽከረከረ መጣ።

«ባለ ተራራዋ» አለ። ይህን ስም እሷው ነበረች የነገረችው። «ቀበሌሽ ውሃ በመያዝ ከሦስት መቶው ስድስተኛ። ወርቅ አላመጣችም እንጂ ዲፕሎማ ይገባታል።»

ሐረገወይን ስልኳን ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች። እስከ ማታ መታገሥ አልቻለችም።

«እትዬ፣ የምሥራች ልንገርዎት። ሾላ በር ከሦስት መቶ ቀበሌ ስድስተኛ ወጣች። ውሃ በመያዝ።»

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ?» አለች።

«አለሁ» አሉ እትዬ ዝናሽ። «የማንን ውሃ ነው የያዝነው?»

«የክልክሉን ነዋ። የምንጯን።»

ሳቁ። የደስታ ሳቅ አልነበረም። «ሐረጌ፣ ምንጯ ከደረቀች እኮ ሦስት ዓመት አለፋት። የምንቀዳው ከወንዝ ነው። ጧት የወጣሁ አሁን መግባቴ ነው፤ ጀሪካኑን ከጀርባዬ ሳላወርድ ነው ያነሣሁልሽ።»

«ክልክሉስ?»

«አለ።»

«አረንጓዴ ነው ይሉኝ አልነበር?»

«አረንጓዴ ነው። ዋሸሁሽ? ባሕር ዛፍ አረንጓዴ አይደለም?»

ሐረገወይን ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ማን ተከለው?»

«አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ዓመት ለሥራ አጥ ወጣቶች ተብሎ ተከፋፈለ። ይሄ ያንተ፣ ይሄ ያንተ ተባለ። ያንቺን ዛፍ ቆርጠው ሸጡና ባሕር ዛፍ ተከሉበት። ጋሻውም ድርሻ አለው።» ጋሻው የመጨረሻ ልጃቸው ነው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ሰው አገር የሰው ሽንት እየጠረግሽ፣ ደውለሽ የምትጠይቂው እሱን ብቻ። 'ክልክሉ እንዴት ነው?' ስትይ ድምፅሽ ይፈካል። ታዲያ ምን ልበልሽ፣ ልጄ?»

ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ ኢዩኤል ምሳ ወጥቶ ነበር። ሳተላይቱ በዚያ አገር ላይ በየአምስት ቀኑ ያልፋል፤ ያለፈው ሁሉ ተቀምጧል። ከመጣች ወዲህ ከተቀመጡት ከመጀመሪያው ጀምራ መጋቢት መጋቢቱን ከፈተች።

እ.ኤ.አ. 2017፦ ክልክሉ ግማሽ ቡናማ፣ ግማሽ አረንጓዴ፤ በበጋ ቅጠሉን የሚያራግፍ የተቀላቀለ ጫካ እንዲህ ነው የሚታየው። ከምንጯ በታች ስድስት ብሩህ ነጥቦች። ጨፌው። ያ ዓመት ለአሮጊቷ ምግብ በማንኪያ ማጉረስ የጀመረችበት ነው። 2019፦ ተዳፋቱ በሙሉ ራቁት። ቀይ አፈር። በዚያ መጋቢት ሁለት ጊዜ እንደደወለች ታስታውሳለች፤ ሁለቱንም ጊዜ አረንጓዴ ነው ተብላለች። 2020፦ ስስ አረንጓዴ። 2021፦ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አረንጓዴ፤ ጨፌው ሁለት ነጥብ። 2022፦ ጨፌው የለም። ከዚያ ወዲህም የለም።

ጠጋ ያለ ፎቶ የሚያሳየውን ሌላውን መስኮት ከፈተች። ዛፎቹ በመስመር ቆመዋል፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ። ይህን ለማየት አንድ ደቂቃ ይበቃት ነበር።

ከዚያ የቀረውን አሰበችው። ኮምፒውተሩ ነባር ደንን የተማረው ከክልክሉ ነው። ስለዚህ በሦስት መቶው ቀበሌ ያለውን ባሕር ዛፍ ሁሉ ነባር ደን ብሎታል፤ በባሕር ዛፍ ሥር የደረቀችውን ምንጭ ሁሉ ውሃ አላት ብሏል። ሐሙስ ይህ ይታተማል። ሾላ በር ከአርባዎቹ ውስጥ አትገባም፤ እትዬ ዝናሽ ነገም ከወንዝ ይቀዳሉ፤ ለዚህም ምስክሯ «የአካባቢ ዕውቀት፦ ሐረገወይን» ይሆናል።

ማታ አጅማን ስትደርስ ኑኑ ከጸጉር ሳሎን ሥራዋ ገብታ እግሯን በሙቅ ውሃ ነክራ ነበር። ሐረገወይን ሳታስበው ነገረቻት።

«ማን ያውቃል?» አለች ኑኑ።

«እኔ።»

«ካንቺ ሌላ።»

«ማንም።»

«እንግዲያስ ዝም በይ። ውልሽ የሙከራ ነው፣ ቪዛሽ በነሱ እጅ ነው። እኔ የሴትዮዋን ጸጉር አቃጥዬ 'ይሄ አዲስ ከለር ነው' ብያት አመስግናኝ ሄዳለች።»

ሐረገወይን ሳቀች። ከዚያ መጋረጃውን ሳበች።

ረቡዕ ጧት የቢሮው ኃላፊ ሚስተር ቶማስ ሻዩን ሳይጨርስ ገባችበት። ቶማስ የሕንድ፣ የኬረላ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ሲናደድ እንኳ ይበልጥ ቀስ ብሎ ይናገራል። እንግሊዝኛዋ እየተሰባበረ ነገረችው።

«ማን ነገረሽ?»

«አንዲት ሴት። በስልክ።»

«ሪፖርቱን ስድስት ወር ሠርተን አንዲት ሴት በስልክ አፈረሰችው ልበለው ለደንበኛው?»

ፎቶዎቹን በዓመት ደርድራ አትማ ይዛ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ስድስቷን ነጥብ በእስክሪብቶ ከበበች፤ ከዚያ ሁለቷን፤ ከዚያ ባዶውን ቦታ። ቶማስ መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየ።

«'በእግሬ ረግጬዋለሁ' ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ረግጬዋለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት።»

«ፎቶውን አላየሽውም?»

«አላየሁትም» አለች። «የማውቀውን ነው ያየሁት።»

ቶማስ መነጽሩን አወለቀ። ኢዩኤልን ጠራው። ኢዩኤል ሰምቶ ሲያበቃ ጸጉሩን በሁለት እጁ ያዘ፤ እሷን ግን ቀና ብሎ አላያትም። ያን ቀን ሙሉ አልቀለደም።

ደንበኛው ሁለት ሳምንት ጨመረ። ሐረገወይን የደኑን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ዓይነት መሬት ነጥቦች ከመጀመሪያው ጀምራ አየቻቸው፤ ከሁለት ሺህ በላይ ነበሩ። ክልክሉን የመጨረሻ አደረገችው። ያሰመረችውን መስመር ከፍታ «ነባር ደን» የሚለውን አጠፋች። ከዝርዝሩ «ባሕር ዛፍ» የሚለውን መረጠች። ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቀ፤ ይህን ለሁሉም ሰው ነው የሚጠይቀው። እሺ የሚለውን ተጫነች።

ቶማስ አላባረራትም። ሥራው ግን ተለወጠ። ከዚያ ወዲያ በማስታወስ የሚሞላ ነጥብ አይኖርም፤ እያንዳንዱ ምልክት በዚያው ዓመት ፎቶ መደገፍ አለበት። «የአካባቢ ዕውቀት» የሚለው መስመር ከመግቢያው ገጽ ወጣ። ቶማስ ይህን ሲነግራት «ሙሽኪላ የለም፣ ችግር የለም» አለ፤ ለማጽናናት ነበር። ውሏ እስከ ነሐሴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስላለው ማንም አልተናገረም።

አዲሱ ካርታ ሲወጣ የተፋሰሱ መልክ ተለውጧል። ውሃ ይይዛል ተብሎ ጠቆር ያለ ሰማያዊ የነበረው ብዙው አገር ገርጥቷል። ሾላ በር ከአርባዎቹ አሥራ አንደኛ ሆና ገባች። ከክረምት በኋላ፣ በጥቅምት፣ ባለሙያዎች ይሄዳሉ፤ ምንጯ ትቆፈራለች፣ ከላይዋ ያለው መሬት ይታከማል።

ይህን ልትነግር ደወለች። ሁሉንም ነገረች፤ ከምንጩ በላይ ያለው ባሕር ዛፍ ተነሥቶ ወይራና ብሳና እንደሚተከልም ጭምር።

ከእትዬ ዝናሽ በስተጀርባ ዶሮ ይጮሃል።

«የጋሻውን ዛፍ ነው እንግዲህ የምታስቆርጪው» አሉ።

«ውሃው ይመለሳል፣ እትዬ።»

«መቼ?»

«በአራት ዓመት፣ በአምስት ዓመት።»

«ጋሻው በዚህ ዓመት ነው ቤት የሚሠራ። ከዛፉ የሚወጣውን ማገር ቆጥሮ ነው ያጨ። ያን ጊዜ ስብሰባ ላይ ሰው ሲሰድብሽ ካንቺ ጎን የቆምሁት እኔ ነበርሁ። አሁንም ውሃውን አልጠላም። ጉልበቴን እኔ ነኝ የማውቀው። ግን አንቺ እዚያ ሆነሽ፣ ከላይ አይተሽ... እኔ እዚህ ነኝ ያለሁ፣ ሐረጌ። ልጄ ፊት ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት የነገሩኝ አላልሁም።»

«ማን ሌላ አለሽና?»

ይህን አሉና ዘጉት። ሐረገወይን በሁለት ሳምንቱ እንደልማዷ ደወለች፤ ጠራ፣ አልተነሣም። በሌላው ሁለት ሳምንትም ጠራ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልተነሣበት ጊዜ አልነበረም።

ኑኑ አንድ ቀን ከላይኛው አልጋ ጎንበስ ብላ የሐረገወይንን ስልክ አየች። ፊቱ ላይ ፋብሪካው የሰጠው ሰማያዊ ብቻ ነው።

«ተራራሽስ?»

«አነሣሁት።»

«ሸጥሽው?»

«የኔ አልነበረም» አለች ሐረገወይን። ኑኑ ሌላ ቀልድ ፈልጋ አጣችና ራሷን መለሰች።

አሁን ሰኔ ነው። አጅማን ላይ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሣል፤ እዚያ ክረምት ገብቷል። አርባዎቹን ቀበሌዎች እስከ ነሐሴ መከታተል ለሐረገወይን ተሰጥቷታል። ሳተላይቱ በየአምስት ቀኑ ያልፋል፤ እሷም ቢሮ እንደገባች ከሌሎቹ ሁሉ በፊት አሥራ አንደኛዋን ትከፍታለች። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። ክልክሉም፣ ምንጯም፣ የእትዬ ዝናሽ ጣሪያም ከነጩ ሥር ናቸው። አንድ ጊዜ ነጩ በአንድ ጥግ ተቀድዶ የማታውቀው ሸንተረር ታየ።

ከደመናው ሥር ምን እንዳለ ልትሞላው የምትችል ይመስላታል፤ ዝናቡን፣ ቀዩን ጎርፍ፣ በባሕር ዛፎቹ መካከል ባዶውን አፈር፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋ ደጅ የቆመች ሴት። እጇ ኪቦርዱ ላይ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ የዕለቱን ቀን ትጽፍና በአጠገቡ ባለው ሳጥን «ደመና» ብላ ትሞላለች።